«ደጅ ጥናት» በ«ጠ» ነው ወይስ በ«ጸ»?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምጠይቀው ስለ አንድ ፊደል ነው። ለሰበካችን የሚለጠፍ ማስታወቂያ ሳዘጋጅ «የእግዚአብሔርን ደጅ የምትጸኑ ምእመናን» ብዬ ብጽፍ አንድ ወዳጄ «ጥናትንና ጽናትን ምን አገናኛቸው? መጽሐፍ አዋቂ መምሰል ይቅርብህ» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘብኝ። እኔ ግን «ጽናት»ን ከመጽሐፍ አላመጣሁትም፤ ከበር ላይ ነው ያነበብሁት። የአክስቴ ልጅ ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ 19 ቀን ከአንድ በር ፊት ተቀምጫለሁ። በሩ ላይ «የጽኑ ሕሙማን ክፍል» ይላል። ሥራ የፈታ ሰው ያገኘውን ጽሑፍ ያነባል። «ጽኑ» ማለት ብርቱ አይደለም እንዴ? ውስጥ የተኙት ደግሞ ቀና ብለው ውኃ መጠጣት የማይችሉ ናቸው። ብርቱው ማን ነው፣ ሕመሙ ወይስ ሕመምተኛው?

መላሽ፣ ከመንዝ፦
ወንድሜ፣ እርስዎም ወዳጅዎም አልተሳሳታችሁም። የግእዙ «ጸ» በአማርኛ አፍ ሲገባ ብዙ ጊዜ «ጠ» ይሆናል፦ ጸጉር ጠጉር፣ ጸብ ጠብ፣ ጾም ጦም፣ ጸበል ጠበል። በእኛ አገር ሽማግሌው ዛሬም «ጠሎት ላድርስ» ነው የሚል። «ጠና»ም የግእዙ «ጸንዐ» ነው፤ በረታ፣ ጠነከረ፣ አልነቃነቅ አለ። ስለዚህ «ደጅ ጠና» ማለት ከደጅ አልነቃነቅ አለ ማለት ነው። ትምህርት «ማጥናት»ም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። የኔታ «አጥና» ሲሉን ተመራመር ማለታቸው አልነበረም፤ ቃሉ ከአፍህ እንዳይወድቅ አጠንክረህ ያዘው ማለታቸው ነበር። (ያልያዘ ልጅ ምን ይጠብቀው እንደ ነበር የቆሎ ተማሪ የነበረ ያውቃል።)

ስለ በሩ ጽሑፍ ደግሞ፣ «ሕመሙ ጸናበት» እና «በሃይማኖቱ ጸና» አንድ ግስ ነው። ልዩነቱ «በት» ላይ ብቻ ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን በአንድ ቤተሰብ ላይ ሊውሉ ይችላሉ።

ሌላ አባል፣ ከአንኮበር፦
የፊደሉ ነገር ግልጽ ነው፤ እኔ የማልወደው ቃሉን ራሱን ነው። «ደጅ ጥናት» የቤተ መንግሥት ቃል ነው። ከ180 ዓመት ገደማ በፊት፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ርስቱን የተነጠቀውም ሹመት የፈለገውም ስንቁን ቋጥሮ እዚህ አንኮበር መጥቶ ከግቢው ደጅ ይከርም ነበር። እልፍኝ አስከልካዩ ፊት ከነሣው ክረምቱ ይገባበታል። ዛሬም «ለአንዲት ማኅተም ሦስት ወር ደጅ ጠናሁ» እንላለን። ይህን ቃል ወደ ጸሎት ስናመጣው እግዚአብሔርን ጉዳይ የሚያጓትት ሹም አደረግነው። ከዚያ ጸሎቱ መልስ ሲያጣ ሰው የሚያስበው የታወቀ ነው፦ ወይ አማላጄ ደካማ ነው፣ ወይ እጄ ባዶ ነው፣ ወይ ስሜ ከመዝገብ ተፍቋል። ስንቱ በዚህ ተቀይሞ መሳለም አቆመ! «እግዚአብሔር የዘገየ ቢመስልም የሚቀድመው የለም» የሚባለውንም ልጁን ለቀበረ ሰው ባትነግሩት እወዳለሁ።

መላሽ፣ ከመንዝ፦
የመጨረሻውን እቀበላለሁ፤ ለቅሶ ቤት የሚወረወር ተረት እኔንም ያመኛል። ነገር ግን ጌታም በሉቃስ 18 ምሳሌውን ያመጣው ከችሎት ነው፤ እግዚአብሔርን ከማይፈራ ዳኛና ከአንዲት መበለት። ዳኛውን ያመጣው እግዚአብሔር እንደ እርሱ ነው ለማለት አይደለም፤ ያተኮረው በሴትዮዋ አለመታከት ላይ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ። መልሱ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ሆነ፤ መውጊያው አልተነቀለም። ዳዊትም በመዝሙር 83 «በእግዚአብሔር ቤት እጣል ዘንድ መረጥሁ» ይላል። እጣል! እልፍኝ አልተጠራም፣ ወደ ውጭም አልወጣም። ለእኔ ደጅ ይህ ነው።

የአገራችንን ሰው ካነሣንም፣ የቡልጋ ኢቲሳውን አባታችንን አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሠዓሊ ሁሉ በአንድ እግር አቁሞ የሚሥላቸው በመቆም ብዛት እግራቸው ስለ ተቆረጠ ነው። ምን ለምነው ምን እንዳገኙ ከሥዕሉ ላይ አይነበብም። የሚታየው መቆማቸው ነው።

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለተኛ ጥያቄ ስላለኝ ታሪኩን ልጨርሰው። ልጁ በሃያኛው ቀን ዐረፈ። አክስቴ፣ እቴቴ ነው የምንላቸው፣ ከዚያ በፊት ሰላ ድንጋይ አጠገብ ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ገብተው በሶ እየበጠበጡ ሰባት ቀን ሰንብተዋል። ከዚያም ጠበሉን በቢጫ ጀሪካን ይዘው መጥተው ከዚያ በር ፊት ነጠላቸውን አንጥፈው ከእኔ ጋር ተቀመጡ።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ሲጸልዩ አላየኋቸውም። ቤተ ክርስቲያን ግን አንድ እሑድ አልቀሩም። ግድግዳውን ተሳልመው ከጽዱ ሥር ቁጭ ይላሉ። «እቴቴ፣ ምን ብለው ይጸልያሉ?» ብላቸው «ምንም። ተኳርፈናል» አሉኝ። «ታዲያ ለምን ይመጣሉ?» «ያኮረፈ ሰው እኮ ቤቱ ነው የሚያድረው፤ ጥሎ ከወጣማ ፍቺ ነው።» ልብ ብላችሁ ከሆነ ከባላጋራ ጋር ጠብ እንጂ ኩርፊያ የለም፤ ሰው የሚኳረፈው ከራሱ ሰው ጋር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። እቴቴ «ልጄን ካተረፍሽልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ብለው ተስለው ነበር። ጃንጥላውንም ቀድመው ገዝተውታል፤ ባለ ወርቃማ ዘርፍ፣ ከነላስቲኩ አልጋ ሥር ተቀመጠ። ስለት የሚገባው ሲሰምር ነው። በሦስተኛው ዓመት ግን ለጥር 21 ይዘውት ሄዱ። ሳይሰምር የገባ ስለት በአማርኛ ምን ይባላል?

መላሽ፣ ከመንዝ፦
ስለትነቱ ቀርቷል፤ መባ ይባላል። «መባ» ከግእዙ «ቦአ»፣ ገባ ከሚለው የመጣ ነው፤ የገባ ነገር ማለት ነው፤ ለምን ገባ ብሎ አይጠይቅም።

«ሳይሰምር» በሚለው ላይ ግን እጄን አነሣለሁ። በአማርኛ «ሰመረ» ተሳካ ሆኗል። በግእዝ «ሠምረ» ወደደ፣ ደስ ተሰኘበት ነው። «ወሰላም በምድር ሥምረቱ ለሰብእ» ስንል ለሰው ጉዳዩ ተሳካለት ማለታችን አይደለም፤ የእግዚአብሔርን በጎ ፈቃድ ነው የምናነሣው። ጃንጥላው አልተሳካም ቢሉኝ እሺ እላለሁ። አልሰመረም ለማለት ግን አልደፍርም።

ሌላ አባል፣ ከአንኮበር፦
ለ«መባ» እጅ ሰጥቻለሁ። በ«ደጅ ጥናት» ግን አሁንም አልተስማማሁም።

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ማስታወቂያው በ«ጠ» ተለጥፏል፤ ወዳጄ ደስ ብሎታል። ጃንጥላውን የተቀበላቸው ዲያቆን ሕዝቡ እንዲሰማ ጮክ ብሎ «ስለትዎ ሰምሮልዎት ነው?» ሲል ጠየቃቸው። ሴቶቹ ለእልልታ እጃቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተዋል። እቴቴ ላስቲኩን ከጃንጥላው ላይ እየገፈፉ «አይደለም ልጄ፤ ዝም ብለህ ተቀበለኝ» አሉት።