የፒኤችዲ ጽሑፍ ለመጨረስ የሰው እርዳታ እስከ ምን ድረስ ነው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ክልል ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ ፒኤችዲዬን አዲስ አበባ ነው የምማረው። ርዕሴ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር ነው። ዳታው ተሰብስቦ አልቋል፣ መጻፉ ላይ ግን ቆሜ ቀረሁ። አማካሪዬ መልካም ሰው ናቸው፣ ግን ሥራ ስለሚበዛባቸው የላክሁት ምዕራፍ ወራት ይቆያል፣ ሲመለስም «አሻሽዪው» ይላል፣ በቃ። ግቢው በር ላይ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ «አናሊሲሱንም ዲስከሽኑንም እንሠራልሻለን» አለኝ። ሁሉም ያሠራል ይሉኛል። ከበደኝ። ግን ብቻዬንም አልገፋ አለኝ።

ስታትስ፦ እህቴ፣ ሰውየውን አትስሚው። ውጤትሽ «ቀንጭሯል፣ አልቀነጨረም» ከሆነ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የሚባለው ስሌት እንደሚሠራ ማንም ይነግርሻል። ጣጣው ዲፌንስ ላይ፣ ጽሑፍሽን ፈታኞች ፊት ስትከላከዪ ነው። ኤክስተርናሉ፣ ከውጭ የሚመጣው ፈታኝ፣ «የአንድ ቀበሌ ልጆች ውኃቸውም ገበያቸውም አንድ ስለሆነ ይመሳሰላሉ፣ ይህን እንዴት አየሽው?» ሲልሽ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብሽ የለም። ባለሙያ አማክሪ፣ ክፈዪም፣ ግን ኪቦርዱ አንቺ እጅ ይሁን። በኤስፒኤስኤስ ሶፍትዌር የምትሠሪ ከሆነ ሲንታክሱን፣ ማለትም የሰጠሽውን ትእዛዝ፣ ሴቭ አድርጊ፣ ቁጥሩ ከየት መጣ ስትባዪ ከፍተሽ ታሳያለሽ። የረዳሽን ሰው ምስጋናው ላይ በስሙ ጻፊው። ስሙን መጻፍ የሚያሳፍር ከሆነ እርዳታው ራሱ ችግር አለበት።

ጨርሼ ያረፍኩ፦ አማካሪሽን በተመለከተ፣ ስድሳ ገጽ «እባክዎ ይዩልኝ» ብለሽ አትላኪ፣ ማን ይከፍተዋል? ከላይ አጭር ደብዳቤ አድርጊና «ገጽ 14 ላይ ይህን ተለዋዋጭ ማውጣቴ ልክ ነው?» ዓይነት ሁለት ሦስት ጥያቄ ጻፊ። መልስ ከጠፋ ቢሮ ሄደሽ ተቀመጪ። እኛ ሦስት ሴቶች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ኬኔዲ ላይብረሪ እየተገናኘን እንጽፍ ነበር። አንዷ ታሪክ፣ አንዷ ሕግ፣ እኔ ትምህርት። የጠቀመን የትምህርት መስካችን አለመገናኘቱ ነው፤ ያልገባትን ዓረፍተ ነገር ያለ ይሉኝታ ታሰምርበታለች። ልጆቹን ባሌ ይይዛል፣ መጀመሪያ አጉረምርሞ ነበር፣ በኋላ ለመደው።

ከአሜሪካ፦ እዚህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራይቲንግ ሴንተር የሚባል ጽሑፍ ላይ የሚያማክር ቢሮ አላቸው። አርመው አይሰጡም፣ «ይህ አንቀጽ ምን ማለት ፈልጎ ነው?» እያሉ ያስለፈልፉሻል እንጂ። ይህን ደግሞ ማንም ጓደኛ ያደርግልሻል። ጆርናል ከቸገረሽ ሂናሪ የሚባለውን የጤና ጆርናሎች ማግኛ በላይብረሪያችሁ በኩል ጠይቂ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የጀመረው ነው፣ እንደ እኛ ላሉ አገሮች በነፃ ወይም በቅናሽ ይሰጣል። ሪፈረንስ በእጅሽ አትጻፊ፣ ዞቴሮ የሚባለው ሶፍትዌር ይሠራልሻል፣ ነፃ ነው።

ጠያቂዋ፦ ኧረ ተባረኩ! ስታትስ፣ ቀበሌዎቹ 18 ናቸው። ልጆቹን በየቀበሌያቸው መድቦ የሚያየው መልቲሌቭል ስሌት ይሠራል?

ስታትስ፦ ትንሽ ያንሳሉ፣ ግን ይሞከራል። በየቀበሌው ስንት ልጅ እንዳለ በሠንጠረዥ አውጪና እዚሁ ለጥፊው። እኔ አልሠራልሽም ግን 😄

ጠያቂዋ፦ ገባኝ 😄 ማታ እለጥፋለሁ።