ዘይት ጎርፍ መውረጃው ውስጥ እየገባ ነው፣ ቶሎ እርዱን!

የቀበናዋ፦ ጋራዥ በር ላይ የተቃጠለ ዘይት በርሜል ተገልብጦ ቦዩ ጥቁር በጥቁር ሆኗል። ከታች ወንዙ ነው። እንጦጦ በኩል ደግሞ ሰማዩ ከብዷል። ምን እናድርግ?

ሚኪ፦ ኦሞ ነስንሳችሁ በጎማ ውሃ ልቀቁበት፣ ሙልጭ ብሎ ይሄዳል።

ጋሽ መሐንዲስ፦ ኧረ ውሃ እንዳትለቁ! ሙልጭ ብሎ የሚሄደው ወንዙ ውስጥ ነው። ልጆች፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ መስመርና የዝናብ መውረጃ አንድ አይደሉም። ፍሳሹ ማጣሪያ ጣቢያ አለው፣ የዝናቡ ቦይ ግን ያገኘውን ሁሉ እንዳለ ወንዝ ላይ ይደፋል። ቀበና ትልቁ አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። በአቃቂ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማበታል። ሳሙናው ዘይቱን ይበትነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ከተበተነ ደግሞ የሚለቅመው የለም።

የቀበናዋ፦ እሺ ጋሼ፣ አሁን ግን ምን እናድርግ?

ባለ ላቫጆ፦ በርሜሉን ቀና አድርጋችሁታል? ከዚያ ዘይቱን ቀድማችሁ በወንዙ በኩል አፈር የሞላ ማዳበሪያ ደርድሩ። አናጺ ቤት ሄዳችሁ ሰጋቱራ አምጡና በትኑበት። ሲጠጣ በአካፋ እየዛቃችሁ አውጡት።

ዳጊ፦ ወንዙ እንደሆነ ድሮም ቆሽሿል። በአንድ በርሜል ምን ይጨመርበታል?

የቀበናዋ፦ እናቴ ጎመን የምትገዛው ከዚያ ማሳ ነው ዳጊ። ለእኔ ይጨመርበታል።

ሚኪ፦ ኦሞውን ተውት፣ ተሳስቻለሁ። ሰጋቱራ በትኑበት።

ሰጋቱራ ሻጭ፦ ዛሬ ገበያዬ ደርቷል 😄 ቅርብ ከሆናችሁ ግን በነፃ ውሰዱ፣ የምሬን ነው።

ቧንቧ ሠሪው፦ ዝናብ ከመጣ ውሃው ማዳበሪያውን ሞልቶ ያልፍና ዘይቱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በማዳበሪያዎቹ መሃል የቧንቧ ቁራጭ አሳልፉ። በዘይቱ በኩል ያለው አፉ ወለሉ ጋ ዝቅ ይበል፣ በወንዙ በኩል ያለው ከፍ ይበል። ዘይት ስለሚንሳፈፍ ከስር ያለው ውሃ ብቻ ያልፋል። የቀረውን በጣሳ ቅዱት። ይህ ለካፊያ እንጂ ለደራሽ ጎርፍ አይሆንም፤ የምታነሱትን ሳይዘንብ አንሱ። እሳትም አታስጠጉ።

የቀበናዋ፦ በርሜሉ ገና አሁን ቀና። 6 ማዳበሪያ ደርድረናል፣ ቧንቧ እየፈለግን ነው። ዘይት የጠጣውን ሰጋቱራስ የት እናድርገው?

ባለ ላቫጆ፦ ክዳን ባለው በርሜል አድርጋችሁ ለባለ ጋራዡ አስረክቡት፣ የሱ ዕዳ ነው። ሜዳ ላይ እንዳትደፉት፣ እንዳታቃጥሉትም። ለወረዳውም አሁኑኑ ንገሩ።

ጋሽ መሐንዲስ፦ ልጄ፣ ሽሮ ሜዳ ዝናቡ ጀምሯል። ቧንቧው ገባ?