ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ኤሲ ለእናቴ መኝታ ቤት፦ በየትኛው ግድግዳ ይሁን?

የድሬ ነዋሪ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። በድሬዳዋ በብሎኬት በተሠራና ቆርቆሮ በለበሰ ቤት ውስጥ እንኖራለን። ለእናቴ መኝታ ቤት ባለ 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ ዐቅም መለኪያ ነው) ኤሲ ብንገዛም የሚሰቀልበትን ቦታ መወሰን ስላቃተን ዕቃው ከነካርቶኑ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ግንቦት ሊያልፍ ነው። ክፍሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር ሲሆን፣ የችፑድ ኮርኒሱ ከወለሉ 2 ሜትር ከ80 ይርቃል። በሩ በደቡብ በኩል ወደ ሳሎን ይከፈታል፤ መስኮቱ በምዕራብ ነው፤ አልጋውም ራስጌው ከመስኮቱ ሥር ሆኖ ግርጌው ወደ ምሥራቅ ያያል። ከሰሜኑ ግድግዳ በስተጀርባ እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ 70 ሳንቲሜትር የምትሆን መተላለፊያ አለች። በምሥራቅ በኩል ግቢው ነው፤ እናቴ ወደ ማታ ቡና የምታፈላበት የኒም ዛፍም እዚያው ይገኛል።

አንዱ ባለሙያ «ሰሜን ፀሐይ አያገኘውምና የኤሲው የውጪ ክፍል መተላለፊያዋ ውስጥ ይሁን» አለን፤ የውጪ ክፍል ያለው ከቤት ውጪ ተቀምጦ ትኩሱን አየር የሚተፋውን ሣጥን ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመብራት መስመሩ ቅርብ ስለሆነ ከራስጌው በላይ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል መከረን። እናቴ በበኩሏ «ነፋስ የሚመታኝ ከሆነ ሙቀቱ ይሻለኛል» ብላለች። ቁርጥማት ስላለባት አልፈርድባትም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ባለ ውሃ ልክ፦

ኤሲ በመግጠም ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ሁለቱንም ምክሮች አልቀበላቸውም።

ሰሜን ፀሐይ አያገኘውም የሚለው አባባል ከእኛ ራቅ ብለው በሰሜን ላሉ አገሮች የሚሠራ ነው። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ፀሐይ የምታልፈው ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ነው። እኩለ ቀን ላይ የጣሪያው ክፈፍ ሊከልላት ይችላል፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ግን በዚያው በሙቀቱ ወራት የሰሜኑን ግድግዳ ታገኘዋለች። ከፀሐይዋ የሚብሰው ደግሞ ጥበቱ ነው። የውጪው ክፍል ራሱ 30 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ከኋላው አየር እንዲስብ 15 ሳንቲሜትር ቢተውለት ከፊቱ የሚቀረው 25 ብቻ ነው። የተፋው ትኩስ አየር ከአጥሩ ተላትሞ ተመልሶ ወደ ራሱ ይገባል፤ ኮምፕረሰሩም (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ያለ ዕረፍት እየሠራ ቆጣሪውን ያስሮጠዋል። በፊቱ ከ60 ሳንቲሜትር በላይ ክፍት ቦታ ይኑር፤ ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ የበለጠ ቢጠይቅ መመሪያውን ይከተሉ።

የምዕራቡ ግድግዳ ከቀትር በኋላ ያለውን ፀሐይ እስኪመሽ ስለሚጠጣ ለውጪው ክፍል ከሁሉም የከፋው ነው። በምሥራቅ በኩል ግን ፀሐይ የሚያገኘው ኤሲው ገና ብዙ በማይደክምበት በጠዋት ሲሆን፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ሰዓት ግድግዳው ጥላ ውስጥ ይገባል። የመብራት መስመሩ ይርቃል ብለው አያስቡ፤ እንዲያውም ከሌላ ሶኬት ጋር ሳይደባለቅ ከማከፋፈያው የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ቢዘረጋለት ይመረጣል።

ከከዚራ፦

ባለ ውሃ ልክ ስለ ውጪው ክፍል የተናገሩት ትክክል ነው። ሆኖም አልጋው እንዳለ ሆኖ ኤሲው በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ ቀዝቃዛው አየር ከእግር እስከ ፊት እናትዎን እየመታቸው ያድራል። በእኛ ቤት የሆነው ይኸው ነበር፤ አባቴ ሁለት ሌሊት ጋቢ ተከናንበው አደሩና በሦስተኛው ቀን ሪሞቱን ደበቁት። ቢቸግረን የነፋሱን መውጫ በካርቶን ከለልነው። በማግስቱ ከመውጫው ዙሪያ ጠል ያዘና ውሃው በግድግዳው ላይ መውረድ ጀመረ።

እኔ የምመክርዎ አልጋውን እንዲያዞሩት ነው፤ ግድግዳ ከመብሳት ይቀላል። ራስጌውን ወደ ሰሜን አድርገው ጎኑን ከምሥራቁ ግድግዳ ጋር ያስጠጉት። ግድግዳው 4 ሜትር ነው፤ አልጋው ከሰሜኑ ጥግ ጀምሮ 2 ሜትሩን ቢይዝ ሌላ 2 ሜትር ይተርፋል። 80 ሳንቲሜትር ገደማ የሚሆነው ኤሲ ከግርጌው አለፍ ብሎ እዚያ ይሰቀላል። ነፋሱ በኮርኒሱ ሥር ወደ ምዕራብ ተወርውሮ ማዶ ሲደርስ ስለሚወርድ፣ እናትዎ ዘንድ የሚደርሰው ኃይሉ የበረደው አየር ብቻ ይሆናል። ውሃ ቢያንጠባጥብም ፍራሽ አያገኝም። ኤሲው ግን ወደ ኮርኒሱ በጣም ተጠግቶ ቢሰቀል ጥሩ ነው፤ ለዓይንም ያምራል።

ባለ ውሃ ልክ፦

የአልጋው ነገር ለእኔም አልታየኝም ነበር፤ ግሩም ሐሳብ ነው። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ግን አልስማማባትም። የውስጡ ክፍል አየር የሚስበው በአናቱ በኩል ስለሆነ ከኮርኒሱ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር መራቅ አለበት። ከዚህም ሌላ የክፍሉን ሙቀት የሚለካው መሣሪያ የሚገኘው በዚያው አየር በሚገባበት በኩል ነው፤ ከቆርቆሮ ሥር ያለ ችፑድ ቀን እንደ ምጣድ ስለሚግል፣ የኮርኒሱን ግለት እየለካ ክፍሉ ቀዝቅዞም ሥራውን ሳያቆም ይውላል።

ለውሃ መውረጃውና የውስጡንና የውጪውን ክፍል ለሚያገናኘው የመዳብ ቱቦ የሚበሳው ቀዳዳ ወደ ውጪ ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል። በደረቁ ወራት የሚወጣው ውሃ ጥቂት በመሆኑ ስሕተቱ አይታወቅም፤ ክረምት ሲገባና አየሩ ሲረጥብ ግን ውሃው ተመልሶ በቀለሙ ላይ ይወርዳል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ የውጪው ክፍል በፊሸር ብቻ ባይንጠለጠል እወዳለሁ፤ በኮለኑ ላይ ይታሰር፣ አለዚያም በግቢው ወለል ላይ በብረት ማስቀመጫ ይቀመጥ። ጋዙ ከመለቀቁ በፊት በመዳቡ ቱቦ ውስጥ ያለው አየር በቫኪዩም ፓምፕ መመጠጡን ቆመው ይመልከቱ። ፓምፕ ሳይዝ የመጣውን ሰው አያሠሩት።

ከዱባይ፦

እዚህ በጥገና ሥራ ስሰማራ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ችግር ኤሲው ከቁም ሣጥን በላይ ተሰቅሎ ሽፋኑን መክፈት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ከሥሩ መሰላል የሚቆምበት ቦታ ይኑር። በድሬ አቧራ ማጣሪያው በየሁለት ሳምንቱ መታጠብ ይኖርበታል። እናታችን ክፍሉ ውስጥ ዕጣን የሚያጨሱ ከሆነም ኤሲው በዚያ ሰዓት ይጥፋ፤ ጭሱን በአናቱ ስቦ በማጣሪያው ላይ እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል፤ ሽታውም ቶሎ አይለቅም።

የድሬ ነዋሪ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት አልጋውን አዙረን ለኩን፤ አልጋው 1 ሜትር ከ95 ሆኖ ተገኘ። ከግርጌው 50 ሳንቲሜትር፣ ከኮርኒሱ 20 ሳንቲሜትር አርቀን ቦታውን በጠመኔ አሰመርን። እናቴ ተኝታ መስመሩን ካየች በኋላ ተስማማች፤ ነገር ግን ትኩስ አየሩ ከረከቦቷ ላይ እንዳይነፍስ ስለጠየቀች የውጪው ክፍል ከኒሙ ርቆ በግቢው ደቡባዊ ጫፍ ይቀመጣል። ቱቦው በዚህ ምክንያት ወደ 5 ሜትር ይረዝማል። ተጨማሪ ጋዝ ይጠይቅ ይሆን?

ባለ ውሃ ልክ፦

ብዙዎቹ ዕቃዎች ከፋብሪካ ሲወጡ እስከ 5 ሜትር ለሚደርስ ቱቦ የሚበቃ ጋዝ ይዘው ይመጣሉ። በውጪው ክፍል ጎን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ መጠኑና ለእያንዳንዱ ትርፍ ሜትር የሚጨመረው ግራም እዚያ ይጻፋል። ካነሰ ይጨመራል፤ ረከቦቱን አያንቀሳቅሱባቸው።