ለአንድ ወንበር ምርጫ ያስፈልጋል ወይ?

ጓሳ፦ ጠዋት ወደ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ስንሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። እንግዳው ምን ቢል ጥሩ ነው? «የፓርላማ ተመራጭ ቢጓደል ለአንድ ወንበር ብሎ ምርጫ ማካሄድ ብክነት ነው፤ ጠቅላላ ምርጫው እስኪደርስ ቢጠበቅ ምን አለበት?» ምን አለበት ይላል እንዴ! እስከዚያ ለእኛ ማን ሊናገርልን ነው?

ብርዳሙ ደብረ ብርሃን፦ ሰውየው ምን አጠፋ? ፓርላማው 547 መቀመጫ አለው። በ2013 ትግራይ ላይ ምርጫ ስላልተካሄደ 38ቱ ባዶ ነበሩ። ሥራው ቆመ? ሕገ መንግሥቱም ከግማሽ በላይ ከተገኘ ይበቃል ነው የሚለው።

ጓሳ፦ ምልዓተ ጉባኤ ሌላ፣ ውክልና ሌላ። ለስብሰባ ይበቃል ማለት እኔ ተወክያለሁ ማለት ነው?

ሮቢት ሽንኩርት፦ የምርጫ አዋጁ፣ 1162/2011፣ የተጓደለ ወንበር የሚሞላበትን የማሟያ ምርጫ ብሎ ለይቶ አስቀምጦታል። አዲስ ነገርም አይደለም። በ1997 የተመረጡት የተቃዋሚው የቅንጅት ሰዎች ፓርላማ አንገባም ያሏቸው የአዲስ አበባ ወንበሮች የተሞሉት በ2000 ከአካባቢ ምርጫው ጋር ነው።

ብርዳሙ ደብረ ብርሃን፦ በራስህ አፍ ተናገርከው! ከ1997 እስከ 2000። ለአዲስ አበባ ያልተቸኮለ ለመንዝ ሊቸኮል ነው?

ጓሳ፦ መንዝን ምን አመጣው? እናንተ የከተማ ሰዎች መንዝ ሲባል በግና ገብስ ብቻ ነው የሚታያችሁ።

ብርዳሙ ደብረ ብርሃን፦ እናቴ የግሼ ልጅ ናት፤ ባትጀምረኝ ይሻልሃል።

ታርማበር፦ ሁለተኛ የወጣውን ማስገባት አይቀልም?

ሮቢት ሽንኩርት፦ ወንድሜ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል ነው የሚለው። ሁለተኛ የወጣው እኮ የተሸነፈው ነው!

ታርማበር፦ የተሸነፈው ቢያንስ እዚሁ እናገኘዋለን። ያሸነፈውን ከዚያ ወዲህ ያየው አለ?

አንኮበሯ፦ በ2013 ጋቢዬን ደርቤ ስንት ሰዓት ተሰልፌያለሁ። ሰዓቱ ተራዝሞ እስከ ማታ 3 ነበር። ካርዴ እስካሁን በፌስታል ተጠቅልሎ ሣጥኔ ውስጥ አለ። የተሰለፍኩት ለዚያች «አንድ ወንበር» ነው፤ 547ቱንማ ማን ምረጪ አለኝ?

ታርማበር፦ እትዬ፣ አንጀቴን አራሱኝ።

ብርዳሙ ደብረ ብርሃን፦ እሺ፣ ጸጥታውስ? መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ በሚዘጋበት አገር ኮሮጆውን ማን ያጅበዋል? ታዛቢስ ማን ደፍሮ ይመጣል?

ጓሳ፦ ቅድም ብክነት፣ አሁን ጸጥታ። ቀጥሎ ዝናቡን ታመጣለህ።

ብርዳሙ ደብረ ብርሃን፦ አንተ የምትኖርበት መንገድ ተዘግቶ አያውቅም?

ሮቢት ሽንኩርት፦ ይሄኛውስ? አንቀጽ 54 ንዑስ 7 መራጩ አመኔታ ያጣበት ተመራጭ ይወገዳል ይላል። የማሟያ ምርጫ ብክነት ከተባለ ማን ያስወግዳል? ብናስወግደው ወንበሩ ባዶ፣ ብንተወው እሱ ተቀምጦበት ባዶ።

ብርዳሙ ደብረ ብርሃን፦ መጀመሪያ በዚህ አንቀጽ የተወገደ አንድ ሰው አሳየኝ። ከዚያ እንጨቃጨቃለን።

ጓሳ፦ የምትጨቃጨቀውስ አንተ ነህ። ለመሆኑ ግሼን ረግጠኸው ታውቃለህ?