ከቤታችን አጠገብ የፋብሪካ ቆሻሻ ማስወገጃ ሊሠራ ነው፤ ምን ብለን እንጠይቅ?

ባለጉድጓዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከመንደራችን ብዙም በማይርቅ ቦታ የፋብሪካ ቆሻሻ ማስወገጃ ሊሠራ ነው። የምንጠጣውም፣ ከብቶቹ የሚጠጡትም፣ ጓሮ የምናጠጣበትም ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፤ ሌላ የለንም። ስብሰባ ተጠራንና "ዘመናዊ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ ለልጆቻችሁም ሥራ ይከፍታል" ተባልን። ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው የሚመጣው ብለን ስንጠይቅ ግን "ዝርዝሩ ገና ነው" አሉን። መጨረሻ ላይ ወረቀት ዞረና ሁላችንም ፈረምን። አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ያ ፊርማ ነው። እንደ ስምምነት ይቆጠርብን ይሆን? ልማት አንጠላም። ግን ልጆቻችንን ምን እያጠጣን እንደሆነ ማወቅ እንፈልጋለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ምን እንጠይቅ?

የውሃ ሰው፦
እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ውሃችሁን አስመርምሩ። አሁኑኑ፣ አንድም መኪና ቆሻሻ ሳይራገፍ። ለምን መሰለሽ፣ ከዓመታት በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ እርሳስ ወይም አርሴኒክ ቢገኝ "ይሄ ድሮም ከአፈሩ የመጣ ነው" ይባላል፤ አርሴኒክ ደግሞ እውነትም ከድንጋይ ሊመጣ ስለሚችል፣ የቀድሞ ውጤት በእጁ የሌለው ሰው ተከራክሮ ማሸነፍ ይከብደዋል። ተራ የመጠጥ ውሃ ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚያየው ጀርም ነው። እናንተ ከባድ ብረቶችን፣ የፋብሪካ ማሟሟቂያ ኬሚካሎችን፣ የአሲድነት መጠኑን እንዲያዩላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። ላብራቶሪው ከፕሮጀክቱ ጋር ንክኪ የሌለው ይሁን። በደረቁም በዝናቡም ወቅት ብታስመረምሩ ደግሞ የተሻለ ነው፤ የጉድጓዱ ውሃ ከፍና ዝቅ ሲል ውጤቱም ይለያያል።

ኢንጂነሩ፦
"ዘመናዊ" የሚለው ቃል ብቻውን መልስ አይሆንም። ሊቀበር ነው ወይስ ሊቃጠል? መጀመሪያ እሱን አስመልሷቸው።

የሚቀበር ከሆነ ትልቁ ጣጣ ዝናብ ቆሻሻው ውስጥ ገብቶ ከሥር የሚንጠፈጠፈው ፍሳሽ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለአደገኛ ቆሻሻ መቅበሪያ ከሥሩ ቢያንስ 5 ሜትር ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ወይም ከዚያ ጋር የሚመጣጠን መከላከያ ይጠይቃል። ከሸክላው በላይ፣ ከቆሻሻው ሥር፣ ሰው ሠራሽ ንጣፍና ፍሳሹን የሚሰበስብ መስመር አለ። የከርሰ ምድሩ ውሃ ከሚመጣበት በኩል ቢያንስ 1፣ ወደሚሄድበት በኩል ቢያንስ 2 የመቆጣጠሪያ ጉድጓድ ይቆፈራል። ቦታው ከተዘጋ በኋላም ቢያንስ ለ30 ዓመት የክትትሉ ወጪ መሸፈን አለበት። ስለዚህ ድርጅቱ ቢከስር ወይም ቢሸጥ ማን ይከፍላል ብላችሁ ጠይቁ። ይሄን ጥያቄ አትርሱት።

የሚቃጠል ከሆነ ደግሞ ጭሱ ቢያንስ 850 ዲግሪ ላይ 2 ሰከንድ መቆየት አለበት፤ ክሎሪን የበዛበት አደገኛ ቆሻሻ ከሆነ 1100። ሙቀቱ ከወረደ እንደ ዳይኦክሲን ያሉ መርዞች ይወጣሉ። አመዱስ የት ነው የሚደፋው? ከጭስ ማጣሪያው የሚወጣው አመድ ራሱ አደገኛ ቆሻሻ ነው።

ሌላም ወገን አለ፦
የምላችሁ ደስ ላይላችሁ ይችላል። ቆሻሻው ግን አለ። በሥርዓት የሚወገድበት ቦታ ካላገኘ ማታ ማታ ወንዝ ውስጥ ነው የሚደፋው፣ ያን ደግሞ ማንም አይቆጣጠረውም። ዝም ብሎ እምቢ ከማለት ጠንካራ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

የጎረቤት ልጅ፦
አንድ ቦታ መሄድ አለበት ማለትህ ልክ ነው። ግን ለምን ሁልጊዜ ድምፁ የማይሰማ ሰው ደጃፍ ላይ ይሆናል? አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ዋረን የሚባል ገጠር አለ፤ ነዋሪው በአብዛኛው ጥቁር ነው። እዚያ ፒሲቢ በሚባል መርዛማ የፋብሪካ ኬሚካል የተበከለ አፈር ሊቀበር ሲል በ1982 እ.ኤ.አ. ሰዉ መንገድ ላይ ተኝቶ መኪናዎቹን አገደ፣ ከ500 በላይ ሰው ታሰረ። መቅበሪያው አልቀረም። በኋላ ግን ብዙ ወጪ ወጥቶበት አፈሩ እንዲጸዳ ተደርጓል። እነሱም ከሚያነሷቸው ነገሮች አንዱ የከርሰ ምድር ውሃው ለመቅበሪያው በጣም ቅርብ ነው የሚል ነበር። ቅድመ ሁኔታ ጥሩ ነው፣ ቦታው ራሱ የማይሆን ከሆነ ግን እምቢ ማለትም መልስ ነው።

ፊርማውን በተመለከተ፣ የቃለ ጉባኤውን ኮፒ ጠይቁ። ከዚያ "የፈረምነው መገኘታችንን ነው እንጂ መስማማታችንን አይደለም" የሚል ደብዳቤ በጋራ አስገቡ። የገባበት ቀንና ማኅተም ያለበትን ቅጂ በእጃችሁ አስቀሩ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማውንም፣ ማለትም ሥራው በአካባቢው ላይ ምን ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል የተጠናበትን ሰነድ፣ በሙሉ ጠይቁ፣ ማጠቃለያውን ብቻ ሰጥተው እንዳይሸኟችሁ።

ባለጉድጓዷ፦
እግዜር ይስጣችሁ። ደብዳቤውን ከጎረቤቶቼ ጋር ዛሬ እንጽፋለን። ለምርመራው ውሃውን በምን እንውሰደው? የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ይሆናል?

የውሃ ሰው፦
አይሆንም። ላብራቶሪው የሚሰጣችሁን ጠርሙስ ብቻ ተጠቀሙ። ለብረት ምርመራ የሚሰጠው አንዳንዴ ውስጡ ትንሽ አሲድ አለው፣ እንዳታለቀልቁት። ከየትኛው ጉድጓድ፣ በምን ቀንና ሰዓት፣ ማን እንደቀዳው እላዩ ላይ ጻፉ፣ ፎቶም አንሱ። ቶሎ አድርሱት።