ሲሞቅ የሚንገጫገጭ ያማሃ፦ የነዳጅ ፓምፕ ነው ወይስ የአየር መግቢያው ጎማ?

ሞተር ሳይክል የምታውቁ ጎንደሬዎች፣ እንዴት ከረማችሁ። ያለኝ ያማሃ ኤክስቲ 660 አር ነው፤ በፈረንጆቹ የ2007 ሥሪት። ባለ አንድ ፒስተን፣ ካርብሬተር የሌለው፣ ኢንጀክሽን (ነዳጁን በኢንጀክተር የሚረጭ)።

ጠዋት በብርዱ አንዴ ስነካው ይነሳል። ሚኒሞውም (ነዳጅ ሳልሰጠው ቆሞ የሚሠራበት ዙር) ሸጋ ነው። ጣጣው ከሞቀ በኋላ ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ፣ በሦስተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ከነዳሁት እንደ እምቢተኛ በቅሎ አንዴ ይጎትታል፣ አንዴ ይለቃል። ነዳጅ ጠበቅ አድርጌ ስሰጠው ይሻለዋል። ነዳጁን ስቀንስበት ደግሞ ማርሚታው (የጭስ መውጫው) ጧ ጧ ይላል። ስቆም ሚኒሞው ወርዶ ይጠፋል። ትንሽ ካረፈ ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። የኢንጂን መብራት አይበራም።

ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን የእሳት ብልጭታ ሰጪ) ቀይሬያለሁ። የወጣው ነጭ ነበር፤ ስለዚህ ነዳጅ ያነሰው ይመስለኛል። የአየር ፊልትሮው ንጹህ ነው። ባትሪው ሞተሩ ሲሠራ 14 ቮልት ያሳያል። በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ጠርጥሬ ታንኩን አራግፌ ከማደያ ሞላሁ፤ ወይ ፍንክች። ኢንጀክተሩንም አሳጥቤያለሁ። አንዱ መካኒክ «ካርብሬተር እንግጠምለትና እንገላገል» አለኝ። እሱን እንኳ አልሞክረውም።

የቀሩኝ ሁለት ናቸው፦ ታንኩ ውስጥ ያለው ፓምፕና የአየር መግቢያውን ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር የሚያገናኘው ጎማ። ጎማው ጠርዙ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለው፤ ሲሞቅ ይከፈት አይከፈት አልለየሁም። የፓምፑ ዋጋ ደግሞ አይቀመስም፤ በግምት የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

የነዳጅ ግፊት መለኪያ ሳይኖረኝ፣ ጥፋቱ የፓምፑ ይሁን በጎማው የሚገባው አየር በምን ልለየው?