አስቸኳይ! ኤልቲኦ ሳበራ ባስኩላው 100 ኪሎ ሰሊጥ 0.00 ይለኛል

የፒያሳው (ጠያቂ)፦ ሰላም ጓዶች፣ በናታችሁ የሚያውቅ ቶሎ ይርዳኝ። ጎንደር ነኝ። ባስኩላው ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ሰውዬው ነገ ጠዋት 2 ሰዓት መመዘን ይጀምራል። ኮዱ በሲ ቋንቋ ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ ፍላሹ (ኮዱ የሚቀመጥበት ሚሞሪ) ሞልቶ እምቢ ሲለኝ ኤልቲኦ (ሊንክ ሲደረግ ሁሉንም ፋይል አንድ ላይ አይቶ ኮዱን የሚያሳጥረውን) አበራሁና መጠኑ ቀነሰልኝ። አሁን ግን አንድ ኩንታል ስጭንበት 0.00 ይላል። ኤልቲኦ ሳጠፋው 100.00። የኮምፓይለር ባግ ነው አይደል? ሊንክ ሲያደርግ አንድ ዋርኒንግ አለ፣ የአንዱ ቫሪያብል ዓይነት ከዲክላሬሽኑ ጋር አይገጥምም ይላል። እሱ ስለ ጆንያ ክብደት ስለሆነ ተዉት።

ቢት በቢት፦ ኪሎ የሚቀንስ ሚዛን አይተናል፣ ኩንታሉን እንዳለ የሚውጥ ግን ዛሬ ገና። ገዢው በጣም ይወድሃል 😂

ሰነፍ ፖይንተር፦ ኮዱን ሳታሳየን ምን እንበልህ፣ ጠንቋይ አይደለንም። ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ነው? የኦፕቲማይዜሽን ደረጃው ኦ2 ነው ኦኤስ?

የፒያሳው፦ ይቅርታ፣ ጂሲሲ፣ ኦኤስ። ባስኩላው 4 ባይት ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ይልካል፣ ትልቁ ባይት ቀድሞ ነው የሚመጣው፣ የእኔ ቺፕ ደግሞ በተቃራኒው ነው የሚያነበው። ስለዚህ ባይቶቹን ክብደት በሚባል ፍሎት ውስጥ አስገባና አድራሻውን ወደ ዩኢንት32 ፖይንተር ካስት አድርጌ (የ32 ቢት ሙሉ ቁጥር አድራሻ አስመስዬ) ባይቶቹን ለሚያዞር ገልብጥ ለሚባል ፋንክሽን እሰጠዋለሁ። ገልብጥ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርቷል!

የቀሃ ልጅ፦ ኖ-ስትሪክት-አሊያሲንግ ጨምርበት፣ የፖይንተር ዓይነት ሕጉን የሚያጠፋው የኮምፓይለር ኦፕሽን ነው፣ አለቀ።

ጋሽ ሊንከር፦ ልጄ፣ ኮምፓይለር ከመክሰስህ በፊት ራስህን ጠይቅ። ይህ ሕግ ትናንት የወጣ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. ከ1989ኙ የሲ ስታንዳርድ ጀምሮ ያለ ነው። ፍሎት ብለህ ያወጅከውን ሚሞሪ በዩኢንት32 ፖይንተር መንካት አይፈቀድም፣ ቻር (የባይት ዓይነቱ) ብቻ ነው ሁሉም ቤት የሚገባው። ጂሲሲ ይህን ሕግ በኦ2፣ በኦ3 እና በኦኤስ ላይ ይጠቀምበታል። ኤልቲኦ ራሱ ጂሲሲ ውስጥ ከገባ፣ በ4.5 ማለት ነው፣ ከ2010 ጀምሮ ስንት ዓመቱ! እናንተ ግን ዛሬም ዋርኒንግ ስታዩ እንደ ማስታወቂያ ትዘሉታላችሁ። በእኛ ጊዜ...

ቢት በቢት፦ ጋሼ፣ ልጁ 2 ሰዓት ላይ ሥራ አለበት።

የፒያሳው፦ የቀሃ ልጅ ያልከውን ሊንክ መስመሩ ላይ ጨመርኩት፣ ምንም የለም፣ ያው 0.00።

ልጅ አዘዞ፦ ሊንክ ላይ ብቻ አይበቃም ወንድሜ። እያንዳንዱ ፋይል ኮምፓይል ሲሆን መሰጠት አለበት፣ የድሮዎቹን ኦብጀክት ፋይሎች አጥፍተህ ከዜሮ ቢልድ አድርግ። ለዛሬ ማታ ይህ ያድንሃል፣ የሊኑክስ ከርነልም በዚሁ ነው የሚሠራው፣ አታፍርበት።

ለምን ድሮ እንደሠራ ልንገርህ። ገልብጥ ሌላ ፋይል ውስጥ ስለነበር ኮምፓይለሩ ውስጡን አያይም። አድራሻውን ስለሰጠኸው፣ ምን አድርጎበት ይሆን ብሎ ክብደትን ከሚሞሪ እንደገና ያነባል። ኤልቲኦ ሲበራ ግን ገልብጥን አምጥቶ እዚያው ጥሪው ቦታ ላይ ይዘረግፈዋል። አሁን የሚያየው አንድ ዩኢንት32 ሲጻፍ ነው። ይህ ፍሎቴን አይነካም ብሎ ያምንና ገና ያልተገለበጠውን ይሰጥሃል። 100.0 በሄክስ 42ሲ80000 ነው። ሳይገለበጥ ሲነበብ 0000ሲ842 ይሆናል፣ እሱ ደግሞ እንደ ፍሎት ከዜሮ የማይሻል ኢምንት ቁጥር ነው። በሁለት ዴሲማል ስታወጣው 0.00።

የቀሃ ልጅ፦ እኮ፣ ኖ-ስትሪክት-አሊያሲንግ ብዬ ነበር።

ሰነፍ ፖይንተር፦ እኔ ግን አንድ ያልገባኝ፣ ኤልቲኦ ምን አስፈለገ? ፍላሽ ከሞላ ፕሪንትኤፍን አውጣው፣ ፍሎት የሚያትመው እሱ ነው ቦታ የሚበላው።

የፒያሳው፦ ስክሪኑ ላይ ኪሎውን በምን ላሳይ ታዲያ? ክብደትን ቮላታይል (ሁልጊዜ ከሚሞሪ እንዲነበብ) ባደርገውስ?

ልጅ አዘዞ፦ ቮላታይል ነገሩን ይሸፍነዋል እንጂ ኮዱ ያው ስህተት ነው። ንጹሑ መንገድ ይኼ ነው፦ 4ቱን ባይት በሜምኮፒ (ባይቶችን እንዳሉ በሚቀዳው ፋንክሽን) ወደ እውነተኛ ዩኢንት32 አስገባ፣ ገልብጥ ፖይንተር ሳይሆን ቁጥሩን ተቀብሎ ቁጥር ይመልስ፣ ከዚያ ውጤቱን በሜምኮፒ ወደ ፍሎት አሻግር። ሜምኮፒ ቦታ ይበላል ብለህ አትፍራ፣ ኦፕቲማይዝ ሲደረግ ለ4 ባይት ፋንክሽን ጥሪ እንኳ አይቀርም። ዋል የሚባለውን የዋርኒንግ ኦፕሽን ብታበራም ይህን ካስት አይነግርህም፣ የአሊያሲንግ ዋርኒንጉ ነባሪ ደረጃ 3 እዚያው የሚነበበውን እንጂ ለሌላ ፋንክሽን የሚተላለፈውን ፖይንተር አይከተልም።

ደግሞ ያን ተዉት ያልከውን ዋርኒንግ አትተወው። የጆንያው ክብደት በአንዱ ፋይል ምን ተብሎ ነው የታወጀ?

የፒያሳው፦ አንዱ ጋ ፍሎት፣ ሌላው ጋ ኤክስተርን ኢንት (ሌላ ፋይል ውስጥ ያለ ሙሉ ቁጥር)። ኢንት ያለው ፋይል ግን ዜሮ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ልጅ አዘዞ፦ ለዚህ ነዋ ያልታወቀብህ፣ 0.0 ቢቶቹ ሁሉ ዜሮ ናቸው። አንድ ቀን አንድ ሰው በዚያ ፋይል ውስጥ ጆንያውን ሊቀንስ ቢል፣ የፍሎቱ ቢቶች እንደ ኢንት ተነበው 1 ኪሎ የነበረው 1065353216 ሆኖ ይመጣለታል። ዲክላሬሽኑን አንድ ሄደር ውስጥ አስገባና ሁለቱም ፋይሎች እሱን ይጥሩ።

ቢት በቢት፦ ከአንድ ቢሊዮን ኪሎ በላይ ጆንያ! የመተማ መኪና ሁሉ አይችለውም።

የፒያሳው፦ እሺ ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሜምኮፒውን እየጻፍኩ ነው ግን መብራት ሄደ፣ ላፕቶፑ 9 ፐርሰንት ላይ ነው፣ መጣሁ።

የቀሃ ልጅ፦ (በማግስቱ) የፒያሳው፣ ሰሊጡ ተመዘነ?

ጋሽ ሊንከር፦ ዝም ካለ ወይ ሠርቶለታል ወይ መብራቱ አልመጣም። እኛም ሰፈር ገና ነው።